ሻርክ አያገሳም

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ገጽ አርባ አንድ ላይ ሻርኩ አገሳ። «ባሕሩን በሚያናውጥ ድምፅ አገሳ» ይላል። በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ጊዜ አሰመርኩበት፤ ወረቀቱ ተቀደደ። ሳንባ የሌለው፣ ድምፅ የሚያወጣበት ነገር ያልተፈጠረለት ዓሣ በምኑ ያገሳል? ይባስ ብሎ ይህን የጻፈውን ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ልጁ ቢኒያም ይባላል። እዚሁ ደባርቅ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሲያንቀላፋ ነው የማውቀው። አሁን ጎንደር ሆኖ በቴሌግራም ልብ አንጠልጣይ ታሪክ በክፍል በክፍል ይለቃል። አንባቢው ብዙ ነው። የአንባቢ ብዛት ከዕውቀት ጋር ዝምድና እንደሌለው የገባኝ በሱ ነው። ይህ የመጀመሪያ የታተመ መጽሐፉ ሲሆን ስሙ «ጥርሳሙ በቀል» ነው። ሽፋኑ ላይ ዓይኑ ደም የመሰለ ሻርክ አፉን ከፍቷል፤ ከሥሩ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ይላል። እውነተኛ ታሪክ የተባለው የአባቴ ነው።

አባቴ አለባቸው በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ነበር። ሰይድ የሚባል የዳባት ልጅ የልብ ጓደኛው ነበር፤ አብረው ተመለመሉ፣ አብረው ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ሰይድን ሻርክ ገደለው። አባቴ ሊያወጣው ገብቶ ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚወርድ ጠባሳ ይዞ ተመለሰ። ደባርቅ ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም። ግማሹ ከተማ «ዓሣ ነባሪ የነከሰው» ይለዋል፤ የሰፈራችን ቄስ ደግሞ ዮናስን ከዋጠው አንበሪ ጋር እያዛመዱ ይተርኩታል። ቱሪስት በሚበዛበት ጊዜ አስጎብኚዎች ዋልያና ጭላዳ ያሳዩአቸውን ፈረንጆች የአባቴን እግር ሊያሳዩ በራችን ድረስ ያመጧቸው ነበር። እሱ ግን ሱሪውን አይሰበስብም። «ብርድ ነው» ብሎ ይመልሳቸዋል።

እሑድ መጽሐፉ በከተማው አዳራሽ ይመረቃል። አባቴ የክብር እንግዳ ነው። የሰይድ እህት እትዬ ዘሃራ ከዳባት ተጠርተዋል፤ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። እኔ የቀድሞ መምህሩ ተብዬ ለአስተያየት አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። እሺ ያልኩበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ይህን ልጅ ራቁቱን አስቀረዋለሁ።

እስካሁን የያዝኩት፦

ገጽ 12፦ ሻርኩ የጀግናውን መልክ ያስታውሳል። ስሙንም ሳያውቅ አይቀርም።

ገጽ 41፦ ያገሳል።

ገጽ 88፦ ያለቅሳል። ባሕር ውስጥ እንባው በምን ተለየ?

ገጽ 97፦ እትዬ ዘሃራን የምትመስል እህት ብቅ ትልና ጀግናውን ታፈቅራለች። እግዜር የሰጣት አንድ ሥራ ይኸው ነው።

ገጽ 130፦ ሻርኩ የጀግናውን ልጅ ፍለጋ በተከዜ ሽቅብ ዋኝቶ አዲ አርቃይ አጠገብ ብቅ ይላል። ተከዜ ወደ ቀይ ባሕር አይፈስም። ካርታ መግለጥ ምን ያደክማል?


ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ኔትዎርኩ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል መጣ። ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ሻርክን ክፉ ያደረገው ማን እንደሆነ ስፈልግ ዋልኩ። ለአሥር ደቂቃ ንግግር የሚበዛ ነገር ሰበሰብኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተማሩት ሰዎች እንኳ ሻርክ በቁሙ ያለ ሰው አይነካም ይሉ ነበር። ከዚያ አሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ላይ በአንድ በጋ፣ በጥቂት ቀናት ልዩነት፣ አራት ሰዎች ሞቱ። ሁለቱ የሞቱት ባሕር ላይ ሳይሆን ወደ የብስ ገባ ባለ ወንዝ ውስጥ ነው። (ወንዝ የሚገባ ሻርክ አለ ማለት ነው። ይህን ለቢኒያም አልነግረውም።) ጋዜጣው ሰው በላ አለው፤ ሕዝቡ ድማሚት ይዞ ወንዝ ወረደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ደግሞ መርከባቸው የሰመጠችባቸው መርከበኞች ቀናትን ውሃ ላይ ሲቆዩ ሻርክ ለቀማቸው። እነዚህ የሆኑ ነገሮች ናቸው። ሰው ሞቷል፤ አይካድም።

ቀጥሎ አንድ ልብ ወለድ መጣ፣ ከልብ ወለዱ ፊልሙ። ሲርበው የሚበላው ዓሣ ቂም የሚይዝ፣ ሰው የሚመርጥ፣ ጀልባ የሚያሳድድ ሆነ። ዓለም ዋና ፈራ። ወንድ ነኝ ያለ ሁሉ ሻርክ ገድሎ ፎቶ ለመነሣት ባሕር ወረደ። የልብ ወለዱ ደራሲ ኋላ ተጸጽቶ የቀረ ዕድሜውን ለሻርክ ጥብቅና ሲቆም ኖረ አሉ። እሱን ወደድኩት። ቢኒያም እስኪጸጸት ግን እኔ ጡረታ እወጣለሁ።

ማታ ላይ ደወለ። በፊት አንቺ ነበር የሚለኝ፤ መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ እርስዎ ጀምሯል።

«ቲቸር፣ እንዴት አገኙት?»

ሻርክ አያገሳም አልኩት።

«ልብ ወለድ ነው እኮ ቲቸር። ካላገሳ አንባቢ ምን ይሰማዋል?»

ምን ይሰማዋል! ድሮም ፈተና ላይ ያላነበበውን ሁሉ «ምናልባት» እያለ ይሞላው ነበር። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል።


ረቡዕ፣ ኅዳር 4

አንድ ነገር ሆነ፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እራት ላይ ለአባቴ ማስታወሻዬን አነበብኩለት። ሰው ሳጣጥል ደስ ይለዋል፤ ምላሴን ያወረስኩሽ እኔ ነኝ ይላል። ሻርኩ በተከዜ መጣ ስለው ከት ብሎ ሣቀ። የአሜሪካውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መጨረሻ ላይ የጻፍኩትን አነበብኩ። በቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ፣ ቱሪስት በሚዋኝበት ዳርቻ፣ ሻርክ ባጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ሰው ነክሶ ነበር። ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ በግ የጫነች መርከብ መንገድ ላይ የሞቱባትን በጎች ባሕር ውስጥ መጣሏ ነው።

አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰው።

«በግ?» አለ።

አዎ፣ በግ አልኩት።

«የበግ ደም ነው የጠራው?»

ተጠረጠረ ነው የሚለው፤ ግን ደም ይሸተዋል፣ ከሩቅ ነው የሚሸተው አልኩት። እንደ መምህር ነው የመለስኩለት፤ ፊቱን አላየሁም። ቀና ስል ተነሥቶ እጁን እየታጠበ ነው። ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ጋቢ ይዤለት ብወጣ «ግቢ አንቺ» አለኝ፤ ድምፁ የሱ አልነበረም።

አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ የማላስበውን እያሰብኩ ነው። እትዬ ዘሃራ በየዓመቱ ለፋሲካ ከነነፍሱ በግ በሚኒባስ ጣሪያ ይልካሉ። እነሱ ያረዱትን እኛ ስለማንበላ፣ አርዳችሁ ብሉ ብለው ነው። «ለወንድሜ ብሎ ውሃ ለገባው» ይላሉ። አባቴ በጉን ተቀብሎ ለጎረቤት ይሰጠዋል። ለራሱ ዶሮ ይበላል። ጨጓራዬን ያመኛል ይላል፤ እኔም የጨጓራ ሕመም እንደሆነ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ለሰው የማስረዳው። ባዮሎጂ መምህር ነኝ እኮ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ነገረኝ። ጠዋት ክፍል ስላልነበረኝ ቤት ነበርኩ። «ተቀመጪ አይናዲስ» አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ እፈራለሁ።

ከምጽዋ ወጣ ያለች ትንሽ ደሴት ላይ ጥበቃ ነበሩ፤ አሥራ ምናምን ሰው፣ ሁሉም የደጋ ልጆች፤ የሰሜን፣ የወገራ፣ የጋይንት። እስላም ሰይድ ብቻ ነበር። ፋሲካ ደረሰና አለቃቸው በጀልባ አንድ በግ አስመጣላቸው። ሰይድ ያንን ሥጋ አይበላም። ግን በበዓል ቀን ተለይቼ ሽሮ አልበላም አለ። ዓሣ አጠምዳለሁ፤ ዓሣ በቢላ አይታረድ፣ የማንም ስም አይጠራበት፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን አለ። ክሩን ይዞ ውሃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ።

ጨጓራና አንጀት ማጠቡ ለአባቴ ደረሰው፤ ከሁሉ ታናሽ እሱ ነበር። አገር ቤት እናቱ ጨጓራ የምታጥበው ወንዝ ወርዳ ነው፤ የሚፈስ ውሃ ካልሆነ አይነጻም ትል ነበር። እሱም ጨጓራውን ይዞ ባሕር ወረደ። አሠልጣኛቸው፣ የባሕር አገር ሰው፣ ደም ውሃ ውስጥ አይገባም ብሎ ነግሯቸው ነበር። «እኛ የገደል ልጆች» አለ አባቴ፣ «ይኼ ሰው ሊያስፈራራን ነው አልን።»

ፈርሱን ውሃው ውስጥ ዘረገፈው። ትንንሽ ዓሦች ከየት መጡ ሳይባል ከበቡት። ሰይድ ከሱ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ዓሣው ሲተራመስ አየና በደስታ ጮኸ። «ጨምር አለባቸው፣ ጨምር!»

አባቴ ጨመረ። አንጀቱን ጣለ። ተመልሶ ወጥቶ ደሙ የተጠራቀመበትን ባልዲ አመጣና እሱንም ደፋው።

«አላገሳም» አለኝ። «ምንም ድምፅ የለውም። ውሃው ትንሽ ከፍ አለ፤ ሰይድ ቁጭ አለ። እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ።»

ሮጦ ገባ፤ በብብቱ ይዞ ጎተተው። ጭኑ የለም። ጀልባዋ ሳትደርስ ደሙ አለቀ። የአባቴን እግር የላጠው ሻርክ አይደለም። ሲሮጥ የወደቀበት የባሕር ድንጋይ ነው፤ እንደ ምላጭ የሚቆርጠው። የደባርቅ አስጎብኚዎች ፈረንጅ የሚያመጡለት ጠባሳ የድንጋይ ነው።

አለቃቸው ሪፖርት ጻፈ። በግ የለም፣ ጨጓራ የለም። ሰይድ እየሰመጠ ያለ ጓዱን ሊያድን ገብቶ በግዳጅ ላይ ተሰዋ፤ አለባቸው እሱን ሊያወጣ ቆሰለ፤ በቃ። አባቴ ፈቃድ ወጥቶ ዳባት ለቅሶ ሄደ፤ እነግራቸዋለሁ ብሎ ነበር የሄደው። የሰይድ እናት ገና ከበር ተንበርክካ እግሩን ሳመችው፤ ፋሻውን።

«ነገ እነግራታለሁ አልኩ» አለ። «ነገ፣ ነገ ስል እሷም ሞተች። ዘሃራም ወንድሜ አለችኝ።»

 እኔም ትምህርት ቤት ሄጄ ስለ ሴል ክፍፍል አስተማርኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም።


ዓርብ፣ ኅዳር 6

ዛሬ ራሴን ናቅሁት። እንዳይረሳኝ ልጻፈው።

አባቴ ጠዋት ለባብሶ ጠበቀኝ፤ ዳባት ሊሄድ። እሑድ እዚያ ወንበር ላይ ዘሃራ ጎን ተቀምጬ ጀግና ተብዬ አልጨበጨብም፤ ከዚያ በፊት ልትሰማ ይገባታል አለ። እኔ ምን አልኩ? ዝም በል አልኩት። አርባ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው አልኩት፤ ማንን ይጠቅማል፣ ሴትዮዋን ለምን ታቆስላታለህ፣ ከተማው ምን ይለናል አልኩት። ይህን ሁሉ ያለችው ይህችው ናት፤ ሻርክ ለምን አገሳ ብላ ወረቀት የምትቀድ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

አባቴ እስክጨርስ ሰማኝና «ለዓሣው ትሟገቺያለሽ፣ ለሰይድ አትሟገቺም?» አለኝ። 

ቢሆንም አልሄደም። ዳባት ሳይደረስ ወቅን ላይ መንገዱ ሰላም አይደለም ተብሎ ሚኒባሶቹ ቆመው ዋሉ። እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ። ይህንንም ልጻፈው።

ከሰዓት ቢኒያም መጣ፤ ትናንት ነው ከጎንደር የገባው። ባነር ተሸክሟል። ባነሩ ላይ የአባቴ ፎቶ ከሻርኩ አፍ ሥር አለ። አባቴን ተሳልሞ ሲያበቃ እኔን ወደ ጎን ጠራኝ።

«ቲቸር፣ እሑድ ጋሽ አለባቸው ቁምጣ ቢለብሱልን ብዬ ነበር። ጠባሳው ከመድረክ እንዲታይ።»

በኅዳር፣ ደባርቅ ላይ፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ቁምጣ። እንደ ወትሮው ቢሆን ኖሮ ያንን ልጅ በአፌ ጠብሼ ነበር የምልከው። ግን አየሁት፤ ጃኬቱ አዲስ ነው፣ ከንፈሩ በደስታ ይንቀጠቀጣል፣ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ እቅፍ አድርጎታል። የሚዋሸው ባለማወቁ ነው፤ ማንም እውነቱን አልነገረውም። እኛ ደግሞ እያወቅን። «ብርድ ነው» አልኩት፤ የአባቴን መልስ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

መንገዱ ተከፈተ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድን። እኔ ያልተጠራሁ ነኝ፤ ግን ብቻውን አልለቀውም አልኩ።

እትዬ ዘሃራ ዳባት ገበያው ጫፍ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ነጠላ፣ ሻሽ፣ የተማሪ ዩኒፎርም። ሲያዩን ከባንኮኒው ወጥተው አባቴን ትከሻውን ሦስት ጊዜ ገጩት። «አያ አለባቸው፣ ምነው በደህና? ነገ እመጣለሁ ብዬ የለ?» ዱካ አወጡ፣ ሻይ አዘዙ። አባቴ አልቀመጥም አለ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ቆመ ጀመረ።

ሁሉንም ነገራቸው። ጨጓራውን፣ ባልዲውን፣ አሠልጣኙ ነግሮን ነበር የሚለውንም። ሪፖርቱን በአለቃው አላሳበበም፤ እኔም ዝም አልኩ አለ እንጂ። መሀል ላይ አንዲት ሴት ሻሽ ልትገዛ ገብታ «ይኼ ስንት ነው?» አለች። እትዬ ዘሃራ ሳይዞሩ «ቆይ እህቴ» አሏት። እጃቸው ላይ የነበረውን ሰማያዊ ጨርቅ ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል፣ ያጥፉታል።

ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«መጨረሻ የተናገረው ምንድን ነው?»

አባቴ መሬት መሬቱን እያየ «‹ጨምር አለባቸው፣ ጨምር› አለ» አለ። «እየሣቀ።»

እትዬ ዘሃራ ሣቁ። ደነገጥኩ። ሣቃቸው አልቆም ብሎ ባንኮኒውን ያዙ።

«እንዲህማ ከሆነ ሰይድ ነው» አሉ። «የሰመጠ ሰው ሊያድን ገብቶ ሞተ ብለው ሲነግሩን፣ እናቴ ስታለቅስ፣ እኔ የማንን ወንድም ነው የሚነግሩን እያልኩ በልቤ እጠይቅ ነበር። ሰይድ መቼ ዋና ያውቃል? ዝናብ ጠብ ሲል ዕቃውን ገበያ ጥሎ የሚሮጥ ልጅ ነበር። ሆዱን ግን ይወዳል። ካልተካፈለ ደግሞ አይጥመውም። ሰይድን የሚመስለው ይኼኛው ነው።»

ከዚያ አለቀሱ። ሣቁ ወደ ልቅሶ መቼ እንደ ዞረ አላየሁም። ያቺ ሻሽ ገዢ የሰው ሐዘን ላይ እንደ ደረሰች ገብቷት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጎናቸው ቆመች።

ዓይናቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ሌላ ሰው ሆኑ።

«እናቴ እግርህን ስማ ነው የሞተችው።»

«አዎ» አለ አባቴ።

«እኔ በየዓመቱ በግ ልኬልሃለሁ። በግ።»

«አዎ።»

«ይኼን እኔ ምን ላድርገው?»

አባቴ ይቅር በይኝ ሊል ጎንበስ ሲል በእጃቸው ከለከሉት። «አሁን አትጠይቀኝ። አልችልም። ነገ እመጣለሁ። ጀግና በሚሉህ ሰዎች ፊት ስትናገረው መስማት እፈልጋለሁ፤ ጨጓራውንም ሳትተው።»

ሻዩ መጥቶ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። 


እሑድ፣ ኅዳር 8

አዳራሹ ሞልቶ ወጣቱ መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። የመጽሐፍ ምረቃ ብሎ የሚመጣ ይህን ያህል ሰው ደባርቅ ላይ አለ ብዬ አላምንም ነበር። ለካ ሻርክ ያለበት ይመጣሉ።

እትዬ ዘሃራ ከፊት ወንበር ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ከአባቴ ጋር ሰላም አልተባባሉም።

የኔ ተራ መጀመሪያ ደረሰ። የጻፍኩት አራት ገጽ ነበር፤ እያንዳንዱ መስመር እየነደፈ። አፈርኩበት። ሻርክ አያገሳም፣ ቂም አይዝም፣ ተከዜም ወደ ቀይ ባሕር አይፈስም አልኩ። ከዚያ ሰው የሚሞተው በሻርክ ክፋት ሳይሆን ብዙ ጊዜ በኛው ጥፋት ነው፤ የቀረውን የሚያውቀው አባቴ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ቢኒያም በፈገግታ አጨበጨበልኝ፤ ያሞገስኩት መስሎታል።

አባቴ ረጅም ሱሪውን እንደ ለበሰ መድረክ ወጣ። ተናገረ። ጨጓራ ሲል ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ ባልዲውን ሲናገር ጸጥ አለ። ጠባሳው የድንጋይ ነው ሲል አንድ አስጎብኚ አንገቱን ደፋ። «ጀግና አይደለሁም» አለ። «ሰይድ ከአንድ ትሪ እንብላ ብሎ ነው የሞተው። የገደለው የኔ እጅ ያመጣው ነው። ለእናቱ አልነገርኩም። ለእህቱ የነገርኳት ትናንት ነው።» ጭብጨባ አልነበረም። ማጨብጨብ ይገባ እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም።

ቢኒያም ፊቱ አመድ መሰለ። ለአፍታ አዘንኩለት። ከዚያ መጥቶ ወንበሬ ሥር ተንበርክኮ በጆሮዬ ምን አለኝ? «ቲቸር፣ ይኼን ሁለተኛው እትም ላይ ላስገባው ይፈቅዱልኛል?» ማዘኔን መልሼ ወሰድኩት።

ይባስ ብሎ መጽሐፉ አለቀ። ያመጣው ካርቶን በሙሉ። ሰልፍ ይዘው ገዙ፤ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ ያንን የሚያገሳ ሻርክ። አንዳንዱ አባቴን ፈርምልን ይለዋል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ይህኛው ገና የቀለለ አይመስልም።

እትዬ ዘሃራ አልገዙም። ሕዝቡ ሲበተን ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። አባቴ እስከ መናኸሪያ ከኋላቸው ተከተለ፤ ጎን ለጎን ግን አልሄዱም። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው መስኮቱን አልከፈቱም፤ ወደኛም አላዩም። መኪናው ሲወጣ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ተሰባስበው የሚያዩት ሰዎች ነበሩ፤ ግድ አልሰጠውም።

ቤት ገብተን ተቀመጥን። መንገዱ እንዴት ይሆን እያልኩ በልቤ አስባለሁ፤ አባቴም ያንኑ እንደሚያስብ ዓይኑን ከሰዓቱ አለማንሣቱ ይናገራል። በዚህ ዘመን ሰው መንገድ ሲወጣ ደርሻለሁ ብሎ የሚደውለው ለቤተሰቡ ነው። ለሌላ ማን ይደውላል?

ፀሐይ ስትጠልቅ ስልኩ ጠራ። አባቴ አነሣው፤ ድምፁን እኔ ነኝ ከፍ ያደረግኩለት።

«ገብቻለሁ» አሉ እትዬ ዘሃራ። ወዲያው ዘጉት።

አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደ ያዘ ቆየ። ከዚያ፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንዳልሰማሁ ሁሉ፣ «ዘሃራ ነች፤ ገብቻለሁ አለችኝ» አለኝ።